ኑር የተባለው ግለሰብ

ብርሃኑን አይቼዋለሁ። ይህን የምለው አሁን ነው እንጂ ያኔ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ያን ምሽት ሐረር ውስጥ ያላየ ቢኖር የተኛ ሕፃን ብቻ ነው ይባል ነበር፤ ያየ ሁሉ ደግሞ ከሰው ጋር ነው ያየው። ጎረቤት ከጎረቤት፣ ባል ከሚስት፣ ጫት ሻጭ ከደንበኛዋ፣ «አየሽው?» «አየሁት፣ አንቺስ?» እየተባባሉ ነው ያዩት። እኔ ብቻዬን አየሁት። ብቻን የታየ ነገር ግማሹ ያልታየ ያህል ነው፤ በማግስቱ እውነት መሆኑን የሚመሰክርልሽ የለም።

ፀሐይ ገና መግባቷ ነበር። የጦሩ መምሪያ ግቢ ውስጥ የቢሮዬን በር ቆልፌ ቁልፉን ለዘበኛው ላስረክብ ስሄድ፣ በሶፊ በኩል ካለው ጋራ በላይ ነጭ፣ ትንሽ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ብርሃን ብቅ አለ። ድምፅ የለውም። እንደ ተወርዋሪ ኮከብ አልበረረም፤ መንገዱን እንደሚያውቅ ሰው ዝግ ብሎ ወደ ጀጎል መጣ። ከግንቡ በላይ ሲደርስ ቆመ። አንድ አቡነ ዘበሰማያት ተደግሞ እስኪያልቅ ያህል ቆየና ጠፋ። ዘበኛው ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ያስር ነበር፤ ቀና ሲል ሰማዩ ባዶ ነው። «አየህ?» ልለው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ቁልፉን ሰጠሁት፣ «ደህና እደር» አልኩት፣ ወጣሁ።

ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመቴ ነበር። ዘመዶቼ «ቆሞ ቀር» የሚለውን ቃል ፊቴ ባይሉትም ከኋላዬ እንደሚሉት አውቅ ነበር። እናቴ ከሞተች ዓመት አልሞላትም። ከግንቡ ውጭ የነበረውን የአያቶቼን ቤት ወንድሜ ሸጦ አስመራ ገባ፤ እኔ ደግሞ ጀጎል ውስጥ ክፍል ተከራየሁ። አክስቶቼ «ደግሞ ከዚያ ገብታ ልትቀር ነው» ብለው አዘኑ እንጂ ከእኛ ጋር ኑሪ ያለኝ የለም። ቀን ቀን የጽሕፈት መኪናዬን እየመታሁ እውላለሁ። መኮንኖቹ «ወይዘሪት» ይሉኛል፣ የሚፈልጉትን ወረቀት ይወስዳሉ፣ ይሄዳሉ። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሜ ስመለስ ከሰው ጋር አሥር ቃል እንኳ ሳልነጋገር ሰኞ የሚመጣበት ጊዜ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ማን ጠየቀኝና!

አከራዬ ባላቸው የሞቱ የጀጎል ሴት ነበሩ። እማማ እላቸዋለሁ። በገባሁ በሳምንቴ ጊደር መጋላ ገበያ ወርደው አንድ አዲስ ድስት ገዝተው መጡ። የክርስቲያንና የእስላም ሥጋ አንድ ድስት አይገባምና፣ «ይሄ ያንቺ ነው፣ ወላሂ ማንም አይነካውም። ሥጋሽን ከናንተ ሉካንዳ አምጪ፣ እኔ እሠራልሻለሁ» አሉኝ። ድስት ተገዝቶልኝ አለቀስኩ ብል ማን ያምነኛል? ክፍሌ ገብቼ ግን አልቅሻለሁ። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስመለስ ከታች ቤት፣ ነደባ በሚሉት በቀዩ መደብ ላይ ተቀምጠው ስፌታቸውን እየሰፉ ይጠብቁኛል። የቡና ቅጠል ፈልቶ ወተት የገባበትን ቁጢ ይሰጡኝና፣ «እህ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ጻፍሽ?» ይላሉ። የመንግሥት ምስጢር ስለሆነ አልነግራቸውም፤ እሳቸውም መልስ ፈልገው አይደለም። ጥያቄው ብቻ ይበቃኝ ነበር።

አንድ ልጅ አላቸው። በዚህ ጽሑፍ የማንንም ስም አልጽፍም ብዬ ነው የተነሳሁት፤ የሱን ግን መጻፍ ግድ ነው፣ ጣጣው ሁሉ ስሙ ነውና። ኑር ይባላል። ሐረር ላይ «ኑር!» ብሎ የተጣራ ሰው ቢያንስ ሦስት ሰው ዞር ይልለታል። የእማማ ልጅ ሥራው ፋኖስና ማሾ መጠገን ነበር። ከቤቱ አጠገብ ባለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ መስተዋት ሲወለውልና ክር ሲቀይር ይውላል። ዝምተኛ ነው፤ ከኔ ጋር ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልነበረንም።

እንግዲህ ዓመቱ ከሱማሌ ጋር የድንበሩ ነገር የተካረረበት ዓመት ነው። ብርሃን በሰማይ ታየ ሲባል ሲቪሉ ስለ ቅዱሳንና ስለ ጅን ሲያወራ፣ ጦሩ ያሰበው ስለ አውሮፕላንና ስለ ምልክት ነበር። ከአዲስ አበባ አንድ ሻምበል መርማሪ ሆኖ መጣ። ቀጭን፣ ጠንቃቃ፣ ጫማው አቧራ የማይነካው ሰው ነው። አማርኛው የመጽሐፍ ነው፤ ሐረርን ከዚያ በፊት በካርታ ካልሆነ አያውቃትም። ግቢው ውስጥ ካለው ዋርካ ሥር ጠረጴዛ አዘረጋ፣ እኔንና መኪናዬን ከጎኑ አስቀመጠ። ምስክር ይመጣል፣ ይጠየቃል፣ እጽፋለሁ፣ የጻፍኩትን ጮክ ብዬ አነብለታለሁ፣ በአውራ ጣቱ ይፈርማል፣ ይሄዳል። አሠራሩ ይኸው ነበር።

በመጀመሪያው ቀን አንዲት ጫት ሻጭ «ከመግሪብ በኋላ ነው ያየሁት» አለች። የእስላሞቹ የማታ ሶላት መሆኑን እሱ እንደማያውቅ ስለገባኝ፣ «ይኸውም ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ» ብዬ ጨመርኩበት። መልካም የሠራሁ መስሎኛል። ሻምበሉ ወረቀቱን አነበበና ቀይ እርሳሱን አነሳ።

«ይህን ማን አለ? ምስክሯ ናት ወይስ አንቺ?»

«እሷ ያለችው መግሪብ ነው፤ እኔ እንዲገባ ብዬ...»

«የቀጠርንሽ ለጣትሽ ነው እንጂ ለሐሳብሽ አይደለም። ቃል በቃል ጻፊ። አንዲት ፊደል እንዳትጨምሪ።»

ይህን ሲለኝ ወረፋ የያዘው ሕዝብ ይሰማል፣ ወታደሮቹ ይሰማሉ፤ አንዱ አሥር አለቃ እንደውም ሳቀ። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። እናቴ በሕይወት ሳለች «አንቺ ልጅ፣ ይሄ እልህሽ አንድ ቀን ያጠፋሻል» ትለኝ ነበር። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ እኔ ግን ምላጩን ለሌላ ሰው እንደማጎርስ አላውቅም ነበር። ቃል በቃል? ቃል በቃል ይሁንልህ፣ አልኩ በልቤ።

በማግስቱ ከሶፊ አንድ ሽማግሌ መጡ። ጫትና ማሽላ የሚያርሱ፣ ጢማቸው በሂና የቀላ፣ ለከተማ ብለው ንጹሕ ሽርጥ የታጠቁ ሰው ናቸው። አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ቢሆንም ያለ አስተርጓሚ ይበቃል። ሻምበሉ ምን እንዳዩ ጠየቃቸው።

«ኑር ነው» አሉ።

ሻምበሉ ቀና አለ። «ኑር?»

«ኑር ነው ጌታው፣ ወላሂ ኑር ነው!»

«ያውቁታል?»

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። «ኑርን የማያውቅ አለ እንዴ!»

«ከየት ነው የመጣው?»

«ከኛ ጋራ ተነሳ። ቀጥ ብሎ ጀጎል ገባ።»

«ከዚህ በፊትስ አይተውታል?»

«እኔ ዘንድሮ ነው። አባቴ ግን ሁለቴ አይቶታል፣ አላህ ይዘንለትና። እኛ አገር የቆየ ነው። ለሁሉ ሰው አይታይም፤ ልቡ ንጹሕ ለሆነ ነው የሚታይ።»

«ጀጎል ውስጥ የት ገባ?»

«የወልዮቹ መቃብር ጋ። የሱ ቤት እዚያ ነዋ!»

ሐረር ተወልዶ ያደገ ክርስቲያን ሁሉ እንደሚያውቀው እኔም አውቃለሁ። ኑር ማለት በዐረብኛው ብርሃን ማለት ነው፤ ሐረር ላይ ደግሞ ወልዮች የሚባሉት ደጋግ ሰዎች በተቀበሩበት ቦታ ይወርዳል የሚባለው የአላህ ብርሃን ነው። ሽማግሌው ስለ ብርሃን ሲናገሩ፣ ሻምበሉ የሚሰማው ስለ አንድ ኑር ስለሚባል ሰው ነበር። ከሶፊ ተነስቶ ጀጎል ስለሚገባ፣ ቤቱ መቃብር አጠገብ ስለሆነ፣ ለሚያምናቸው ብቻ ስለሚገለጥ ሰው። እርሳሱን የያዘች እጁ ትፈጥናለች። አንዴ ቀና ብሎ አየኝና፣ «ሁሉንም ጽፈሻል?» አለኝ።

«ቃል በቃል» አልኩት።

አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። አልተናገርኩም። ዝም አይነቅዝም አልኩ። ደስም ብሎኝ ነበር፤ አሁን ምን እደብቃለሁ። ወረቀቱ አዲስ አበባ ሲደርስ አንድ የሚያውቅ ሰው አንብቦት በሻምበሉ ሲስቅበት ታየኝ። ከዚያ ለሽማግሌው አነበብኩላቸው። «ኑር ነው፣ ወላሂ ኑር ነው» የሚለው ጋ ስደርስ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልክ ነው ልጄ፣ እንዲያው ነው ያልኩት፣ አላህ ይባርክሽ» ብለው አውራ ጣታቸውን አተሙ።

የሚስቅ ሰው አልተገኘም። በአሥረኛው ቀን የመጣውን ደብዳቤ የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ፖስታ መክፈት የኔ ሥራ ነበር። «ከሶፊ ወደ ጀጎል በመመላለስ የብርሃን ምልክት ሲያሳይ የታየው፣ ኑር የተባለው ግለሰብ በአስቸኳይ ተይዞ ይመርመር» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ያን ጊዜም ተነስቼ መሮጥ እችል ነበር። «ማንን ይይዛሉ? በአንድ ቀን ስህተታቸው ይገባቸዋል» ብዬ ራሴን አጽናናሁና ደብዳቤውን መዝገብ ላይ አስፍሬ አስገባሁ።

በዚያው ቀን ሰባት ኑር ተሰበሰበ። አንዱ ዓይናቸው የደከመ የቁርዓን መምህር ናቸው፤ አንዱ የጊደር መጋላ ተሸካሚ ነው፤ ሌላው ጨርቅ ነጋዴ ነው። ግቢው ውስጥ ተደርድረው ሳያቸው እንደ መሳቅ አደረገኝ። ማምሻውን ስድስቱ ተለቀቁ። ሰባተኛው ቀረ። ሱቁ ሲፈተሽ ዘጠኝ ማሾ፣ ብዙ ባትሪና ብርሃን የሚያንጸባርቅ ቆርቆሮ ተገኝቶበታል። መብራት ጠጋኝ ኑር! ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ቤት ስደርስ እማማ ስፌታቸውን አልያዙም። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባላል፤ እሳቸው ያን ምሽት ያረጁት የአሥር ዓመት ያህል ነው።

«ልጄ፣ አንቺ እዚያ ነሽ የምትሠሪው» አሉኝ። «ምን አደረገ ብለው እንደያዙት ጠይቂልኝ። ያ ረቢ፣ ልጄ መብራት ከመጠገን ሌላ ምን ያውቃል?»

«እጠይቃለሁ እማማ።»

«አላህ ነው አንቺን እዚህ ቤት ያመጣሽ። ሰው ባይኖረኝ ምን እሆን ነበር?»

ሦስት ቀን ዝም አልኩ። ብናገር ከሥራ እባረራለሁ፣ ከሥራ ብባረር ማን ያበላኛል እል ነበር፤ ይህ ግን ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ነው። የፈራሁት ሌላ ነው። በዚህ ዓለም «ዛሬ ምን ጻፍሽ?» የሚለኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ዛሬ የጻፍኩትን ብነግራቸው ነገ እንደማይጠይቁኝ አውቃለሁ። ጧት ጧት ለልጃቸው ስንቅ ይዘው ከኔ ጋር እስከ ግቢው በር ይመጣሉ። ዘበኛው ስንቁን ይቀበላል፣ እኔ እገባለሁ፣ እሳቸው ውጭ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ማታ ደግሞ፣ ልጃቸው ታስሮ፣ የኔን እራት ሠርተው ያቆዩኛል። «ብዪ እንጂ፣ ከሳሽብኝ» ይሉኛል። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ የሚል ተረት አለን። እንጀራውን ይዤ እሳቸው ፊት ስቀመጥ፣ ይህን ተረት መጀመሪያ የተናገረው ሰው ልጅ አልነበረውም አልኩ።

በአራተኛው ቀን በሩ ላይ ልለያቸው ስል እጄን ያዙኝና፣ «ዛሬስ ይነግሩሻል?» አሉኝ። ቀጥ ብዬ ሻምበሉ ቢሮ ገባሁ።

ቆሜ ነገርኩት። ኑር የሰው ስም ብቻ እንዳልሆነ፣ ሽማግሌው ያወሩት ስለ ሰው እንዳልነበረ፣ ወልዮቹ እነማን እንደሆኑ። የምስክሩን ቃል ከመዝገቡ አውጥቶ እንደገና አነበበው። እየቆየ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ያን ጊዜ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን?»

«ቃል በቃል ብለውኛል።»

ይጮኻል ብዬ ጠበቅኩ። አልጮኸም። በመስኮት ወደ ውጭ አየ፤ እማማ ከድንጋዩ ላይ ይታያሉ። «ምስክር ነሽ» አለኝ በመጨረሻ። «ቃልሽን ስጪ። መኪናሽን አምጪና ራስሽ ጻፊው።» እሱ እየጠየቀ እኔ የራሴን መልስ ጻፍኩ። ማወቄን፣ ዝም ማለቴን፣ ያለ ምክንያት ሳይሆን ተቀይሜ ዝም ማለቴን፣ ሁሉንም። ፎርሙ የሚጠይቀውን ሁሉ መጠየቅ ስላለበት፣ መጨረሻ ላይ፣ «ብርሃኑን አንቺ አይተሽዋል?» አለኝ።

«አይቼዋለሁ።»

«ምን ነበር?»

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም» አለ ዝግ ብሎ፤ ይህን ግን እንድጽፈው አልነገረኝም። ያ ሰው ከመጣ ጀምሮ አንድም ቀን ከማንም ጋር ሲበላ እንዳላየሁት የዚያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ልቆጣው ብፈልግም አቃተኝ።

መልሱ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሳምንት ፈጀ። ኑር በዋስ ይለቀቅ ተባለ፤ ዋሱ እናቱ ሆኑ። ደንቡ ግን ዋስ ከመፈረሙ በፊት በመዝገቡ ያለው ቃል ይነበብለት ይላል። ቃል ማንበብ ደግሞ የጸሐፊ ሥራ ነው። ሻምበሉ አየኝ። «ሌላ ሰው ላስነብብ?» አለኝ። ይህን በማለቱ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። ግን አሥር አለቃው አንብቦላቸው ከሱ አፍ ቢሰሙትስ? «እኔ አነባለሁ» አልኩ።

እማማ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ፊቴን ሲያዩ ደስ አላቸው፤ የሚያውቁት ሰው አገኙ። የሽማግሌውን ቃል አነበብኩ። «ሱብሐነላህ፣ ኑር!» ብለው ሳቁ፤ ነገሩ ወዲያው ገባቸው፤ ሻምበሉን ለሁለት ሳምንት ያሳሳተችው ቃል እሳቸውን የዓይን ጥቅሻ ያህል አላስቆየቻቸውም። ቀጥሎ የኔ ቃል መጣ። «ኑር ማለት ብርሃን ማለት መሆኑን እያወቅሁ፣ መርማሪው መሳሳቱንም እያየሁ፣ በመቀየሜ ምክንያት ሳልናገር ቀርቻለሁ።» ድምፄ እንዳይሰበር ፈጠን ብዬ አነበብኩ። ሳነብ ቀና አላልኩም። ስጨርስ ወደ ሻምበሉ ዞሩ።

«የት ነው የምፈርመው?» አሉ ሻምበሉን።

ኑር ወጣ። አልተደበደበም፤ ከስቷል፣ ጢሙ አድጓል። ወደ ቤት ስንሄድ እናትና ልጅ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ነበርኩ። በጠባቡ መንገድ ሦስት ሰው ጎን ለጎን አይሄድም ብዬ ራሴን አታለልኩ። ሱቁን መልሶ አልከፈተም። «ስሜን ጽፈውታል፣ አንድ ነገር በታየ ቁጥር ይመጡብኛል» እያለ ሁለት ወር ተቀመጠና ጅቡቲ ሄደ። እማማ አንድ ያላቸውን ልጅ እንዲህ ሸኙ። የምርመራው መዝገብ «ምንጩ ያልታወቀ» ተብሎ ተዘጋ፤ ያንንም የጻፍኩት እኔ ነኝ።

እኔን ግን አላስወጡኝም። አንድ ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ኑር የተፈታ ዕለት ማታ መንገድ ስዞር አምሽቼ ስመለስ፣ ሊሰድቡኝ እንደሆነ፣ ዕቃዬን ውጭ አስቀምጠው እንደሆነ እያሰብኩ በሩን አንኳኳሁ። ምነው በሰደቡኝ! በሩን ከፈቱልኝ፤ መብራቱን ከፍ አድርገው መንገዱን አሳዩኝ።

«እንደምን አመሹ?» አሉኝ። «ይግቡ፤ እራትዎ ተቀምጦልዎታል።»

ደረጃው ሥር ቆምኩ። እናቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሴት ናቸው።

«እማማ፣ እንዲህ አይበሉኝ። አንቺ ይበሉኝ።»

«እንዴት ተደርጎ» አሉ፣ ያለ ቁጣ፣ ለእንግዳ እንደሚነገር አድርገው። «እርስዎ የመንግሥት ሰው ነዎት።»

ሦስት ዓመት እዚያ ቤት ኖርኩ። ከሁለታችን በቀር ሰው የለም፤ እሳቸው ታች፣ እኔ ላይ። አንድም ቀን አንቺ ብለውኝ አያውቁም።